«የእግዜር ሥራ ነው» ለማለት አትቸኩሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለቅሶ ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ «የእግዜር ሥራ ነው፣ በቃ አታልቅሽ» እንላለን። ቃሉ እውነት ነው፤ ሰዓቱ ግን አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ አንዳች አልተናገሩም (ኢዮ. 2፥13)። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ በምዕራፍ 42 የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደውም በእነሱ ላይ ነው።

እስከ ሠልስት «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ዝም ማለት ይበቃል። ውሃ ማቀበል፣ ሁለት ጉርሻም ቢሆን ማጉረስ፣ ሕፃናቱን ወስዶ ማሳደር። ጸሎት ከተፈለገ መዝሙር 87 (በሌላው አቆጣጠር 88) ይነበብ። የመጨረሻው ቁጥሩ እንኳ ስለ ጨለማ ነው፤ ማጽናኛ ባይመስልም ለሐዘንተኛ አፍ ይሆናታል።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው። የዕድሩ ድንኳን ይነቀላል፣ አግዳሚው ይመለሳል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ስለ እግዚአብሔር መግቦት (ፍጥረቱን ስለ መጠበቁና ስለ መንከባከቡ) መነጋገር ያን ጊዜ፣ ያውም እሷ ስታነሳው ነው። ስለ መግቦት የሚያወራ ሰው ታዲያ የቤት ኪራይዋ እንዴት እንደሚከፈልም ይጠይቅ።

ውጭ አገር ያለ ልጅ መርዶውን ከፌስቡክ እንዳያነብ ደግሞ ፎቶ ከመለጠፉ በፊት በቅርቡ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይፈለግ፤ ማለዳ ሄደው በአካል ይንገሩት።

አንድ አንባቢ