ባለቤቱ የት አለ? የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በጥቅምት አባላትን ሲመዘግብ «ሰዋስው በክፍለ ጊዜው ይሰጥ የለም ወይ?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። እውነት ነው፤ ስምንቱን የቃል ክፍሎች በቃሉ የማይወጣ ተማሪ የለንም። ሆኖም ይኸው ተማሪ ዝናብ ሲያይ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ይጽፋል፤ አማርኛው «ይዘንባል» ባለቤቱን በውስጡ ስለያዘ፣ እንግሊዝኛው «ኢት» የተባለ ባለቤት ከግሱ ፊት ማቆም እንዳለበት ትዝ አይለውም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የባዮሎጂውም የታሪኩም መልስ በእንግሊዝኛ እንደሚጻፍ ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ትንሽ አይደለም።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን በካርድ ጨዋታ አልፈዋል። በ«ቢኮዝ» የሚጀምር ሐረግ ግስ እያለውም ለብቻው እንደማይቆም የገባቸው፣ «ስለዘነበ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ይኖር እንደሆነ ስንጠይቃቸው ነው።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ እስከ መናኸሪያው በእግር እየሄድን፣ የሱቅ ጽሑፎችን ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሆነና ያልሆነ እያልን በደብተር ለየን። የቤት ዕቃ መሸጫው ረጅም ሰሌዳ ግስ ስለሌለው ወደቀ። ቀጥሎ አንድ የመስታወት በር ላይ «ፑል» የሚል አገኘን። ሁሉም «አንድ ቃል ነው፣ ባለቤት የለውም» ብለው ሲያልፉ፣ እስከዚያ ቀን ድምጿን ሰምተን የማናውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጀታውን እንደያዘች ቀረች። «ቲቸር፣ የምስበው እኮ እኔ ነኝ። ባለቤቱ ‹ዩ› ነው፤ ተደብቆ ነው እንጂ አለ» አለች። ጥቂት አሰብ አድርጋም «በአማርኛ ‹ሳብ› ቢሉ ለወንድ፣ ‹ሳቢ› ቢሉ ለእኔ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ለሁላችንም ሆነ» ስትል ጨመረች። የትእዛዝ ዐረፍተ ነገርን ገና አላስተማርኳቸውም ነበር። ጥበቃው «ወይ ግቡ ወይ በሩን ልቀቁ» ባይሉን ኖሮ እዚያው እንመሽ ነበር።

ያልተሳካልንም አለ። የሚኒ ሚዲያው ማጉያ ስለተቃጠለ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሰልፍ ላይ ዝግጅታችን ተቋርጧል። ካርዶቻችን የተቆረጡት ካለፈበት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ነው፤ ካሉን ሁለት መዝገበ ቃላት አንዱ ከ«ኤስ» ወዲያ ገጽ የለውም። የእግር ኳስ ክበቡ ኳስ ሲፈነዳ በሳምንቱ እንደሚተካ ስናይ አንቀናም አንልም። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱን የምንጠይቀው አሥር መዝገበ ቃላት፣ ወፍራም ወረቀትና የማጉያውን ማስጠገኛ ነው፤ ዝርዝሩን ያቺው ተማሪ በእንግሊዝኛ ጽፋ ለቢሮው አስገብታለች፣ ባለቤት የጎደለው ዐረፍተ ነገርም የለበትም።