ሦስት ወረቀት ሲቀር፦ የንባብ ክበባችን ዓመት

ጥቅምት ላይ ስንጀምር 31 ነበርን። ኅዳር ላይ ግማሹ ጠፋ። የደሴን ኅዳር የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አንድ ገጽ እንኳ አያስጨርስም። ቀን መምረጥም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ዓርብ ጁምዓ አለ። ሰኞ ገበያ ነው፣ ቤተሰብ የሚያግዙ ልጆች አሉ። በመጨረሻ ሐሙስ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተስማማን።

የዓመቱ ርእስ «ትምህርት ቤት በልብ ወለድ ውስጥ» ነበር። ሐሳቡ የልጆቹ ነው። እኔ ታሪካዊ ልብ ወለድ ብዬ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

መጀመሪያ የአማርኛ ፈለግን። ቶሎ ነጠፈብን። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ሲማርም፣ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምርም አለ። ልጆቹ የፈለጉት ግን ደወል፣ ሰልፍ፣ ካርድና ዩኒት ሊደር ያለበትን ነው። አንዱ «ቲቸር፣ በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ የሚፎርፍ ልጅ የለም እንዴ?» ብሎ አሳቀን። እኔ ባነበብኳቸው ውስጥ እውነትም ተማሪው ወይ ለፍቅር ወይ ለፖለቲካ ይፈለጋል እንጂ ክፍል ውስጥ ብዙ አይቀመጥም።

ስለዚህ ወደ ውጭ ዞርን። በ1908 እ.ኤ.አ. የታተመው የካናዳዊቷ ሞንትጎመሪ «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ» ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ የሚነሳበትን ምዕራፍ አተምን። አንዱ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ሌሎቹ እየተሻሙ ወደ አማርኛ ይመልሱታል።

አን ፀጉሯ ቀይ ነው። ጊልበርት የሚባል ልጅ ጉንጉኗን ጎትቶ «ካሮት!» ይላታል። የምትጽፍበትን የእጅ ሰሌዳ አንስታ አናቱ ላይ ትሰብርበታለች። እዚህ ጋ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀጥሎ ያለው ግን ጸጥ አሰኛቸው። ልጁ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ቢልም መምህሩ አይሰማውም። አንን ጥቁር ሰሌዳው ሥር ያቆማትና ቁጡ መሆኗን ከራሷ በላይ ይጽፍባታል። ያውም ስሟን አንድ ፊደል አጉድሎ። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ትቆማለች።

የትኛው ይብሳል ብለን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ብዙዎቹ መቆሙ አሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን «መቆሙ ያልፋል። ስሟን እንኳ በቅጡ አለማወቁ ነው» አለች።

ቀጥሎ ስለ አሜሪካዊቷ ኤስ. ኢ. ሂንተን አጫወትኳቸው። «ዘ አውትሳይደርስ»ን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ነበረች። መጽሐፉን ስትጽፍ በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ያገኘችው ውጤት ዲ ነው። ይህችን ወሬ በማግስቱ ግቢው በሙሉ ሰማት። ለእንግሊዝኛ መምህራን ይቅርታ።

እኔ ግን ቅሬታ ነበረኝ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ መምህር ወይ መልአክ ነው ወይ ጭራቅ። ማታ የ60 ልጅ ወረቀት ሲያርም የሚያንቀላፋ ሰው የለም። ይህንን ስነግራቸው «እኛ ስንጽፍ እናስተካክለዋለን» አሉኝ።

የካቲት ላይ መጻፍ ጀመሩ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተደራርበው ስለነበር ከስብሰባ በኋላ የለመድነው ሻይና ቆሎ ቀረ፤ ልጆቹ ያንን ሰዓት ለጽሑፍ አዋሉት። ከመጡት 11 ታሪኮች ስምንቱ ስለ ክፉ ቀን ናቸው። ክፉ ቀን ስል ትልቅ ነገር አይደለም። የተቀደደ ጫማ፣ ያልተከፈለ የፎቶኮፒ ብር፣ ወንበር የቀየረ ጓደኛ።

ያቺው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያነበበችው ታሪክ አንድ ገጽ ነው። መምህሩ የፈተና ወረቀት እየመለሰ ነው። ከከፍተኛው ውጤት ጀምሮ ስም ይጠራል። ለአንደኛው ይጨበጨባል። ልጅቷ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሆና እጁ ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ትቆጥራለች። አምስት። አራት። ሦስት። መምህሩ አውራ ጣቱን ምራቁ እየነካ ይገልጣል። ታሪኩ ሁለት ወረቀት ሲቀር ያበቃል።

አንብባ ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም እኔን ያያል። አውራ ጣቱን የሚያርሰው እኔ ነኛ! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ወረቀት የመለስኩት እንደዚያ ነው። ጎበዞቹን ማበረታቻ ይመስለኝ ነበር። ጭራቅ አልተደረግኩም፤ እሷ የጻፈችው መምህር እንዲያውም ደግ ነው፣ ይቀልዳል። የከነከነኝም እሱ ነው።

በሦስቱ የደስታ ታሪኮች ውስጥ ማንም ሽልማት አያገኝም። አንዱ ልጅ የጻፈው በረዶ ስለዘነበበት ቀን ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሒሳብ መምህሩ ድምፅ ይዋጣል። መምህሩ ጥቂት ይጮኻሉ፣ ከዚያ ቾኩን ያስቀምጡና መስኮት ላይ ቆመው ከልጆቹ ጋር ያያሉ። በቃ። የዓመቱ ምርጥ ብለን የመረጥነው እሱን ነው፤ ከዚህ ገጽ ቀጥሎ ታገኙታላችሁ።

የሁለተኛውን ሴሚስተር ወረቀት የመለስኩት አጥፌ፣ ዴስክ ለዴስክ እየዞርኩ ነው። ክፍለ ጊዜውን ጨረሰብኝ። ስወጣ ከፊት ወንበር አንዱ ተከትሎኝ መጣ፦ «ቲቸር፣ እሺ ማን አንደኛ ወጣ?»

የመስከረም ምዝገባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ወረቀት ስለሚያጥረን ያላለቀ የአምና ደብተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጋቢም አይከፋም።