ከጥርሱ ይልቅ ስለ ዝሆኑ ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ዝሆን በዜናዎቻችን ስሙ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ኬላ ላይ ሲያዝ ነው። ስንት ኪሎ እንደሆነና በምን መኪና እንደተጫነ ይነገረናል። ስለ እንስሳው ግን ምንም አይባልም። መሐል ሜዳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ዝሆን ትልቅ መሆኑን ያውቃሉ፣ አኗኗሩን ግን ማን ነግሯቸው?

የዝሆን ጥርስ እንስሳው በሕይወት እስካለ ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ ትልቅ ጥርስ ያለው ዕድሜ የጠገበው ነው፤ አዳኙም የሚያነጣጥረው እሱ ላይ ነው። መጀመሪያ ትልልቆቹ ወንዶች ያልቃሉ፣ ከዚያ ተራው የአሮጊቶቹ ይሆናል። ጉዳቱ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ወንዱ ሲጎረምስ ከቤተሰቡ ይለያል፤ ሴቶቹ ግን እናት፣ እህትና ልጅ ሆነው አብረው ይኖራሉ፣ የሚመሩትም በአሮጊቷ ነው። በድርቅ ጊዜ ውሃ የት እንደሚገኝ የምታስታውሰው እሷ ናት። በኬንያ አምቦሰሊ የዝሆን ቤተሰቦችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ዕድሜ የገፉ መሪዎች የወንድ አንበሳን ግሣት ከሴቷ ለይተው አደጋውን ከወጣቶቹ በተሻለ እንደሚመዝኑ አረጋግጠዋል። እኛ መንዝ የወሰን ክርክር ሲነሳ ሽማግሌ እንደምንጠራው፣ መንጋውም የሚያየው ወደ እሷ ነው። እሷን የሚተካት ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ዝሆን 22 ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው፤ እንደገና እስክትወልድ አራት አምስት ዓመት ያልፋል።

ሸዋም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለችበት። ነገሥታቱ አንኮበር በነበሩበት ዘመን የዝሆን ጥርስ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ ይወርድ ነበር፤ ዝሆን የገደለም ይፎከርለት፣ ይሸለም ነበር። አሁን ዘመኑ ሌላ ነው፤ መንግሥትም መጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥሏል።

ባቢሌ ከሐረር ብዙም አይርቅም። የዝሆን መጠለያው እዚያ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እርሻና ሰፈራ ግን እየገፋው ነው። በቀን ከመቶ ኪሎ በላይ የሚበላ እንስሳ ማሳ ውስጥ ሲገባ የገበሬው ልፋት በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ንዴቱም ይገባኛል። ቢሆንም ሕዝብ ከዱር አራዊት ጋር መኖር እንደሚችል እኛው ጎረቤት ያለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ምስክር ነው። አባቶቻችን ሣሩን ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ይከልሉት ስለነበር፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ድረስ አሉ። ገበሬው ሣሩን ለቤቱ ክዳን ስለሚያጭደው ጥበቃው የራሱ ጉዳይ ነበር። የባቢሌ ገበሬ ከዝሆኑ የሚያገኘው ጥቅም ምንድን ነው? ጋዜጠኛ ልካችሁ እሱንም ጠባቂዎቹንም ብታነጋግሩልን።

ጥርስ በተያዘ ቁጥርም ከኪሎው ጎን የስንት ዓመት ዝሆን ጥርስ ሊሆን እንደሚችል ባለሙያ ጠይቃችሁ ጻፉ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ