እማዬ፣ ገንዘቡ ለዓይንሽ ነው

ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትናንት ገንዘብ ልኬያለሁ። የሃዋላ ቁጥሩ ሙሽሪት እህቴ ስልክ ላይ አለ፤ አብራችሁ ሄዳችሁ አውጡት። ገንዘቡ ለዓይንሽ ሞራ ማስገፈፊያ ነው፣ ለሠርጉ አይደለም። በግ መግዣና ድንኳን መከራያ እንዳታደርጊው በሥላሴ ይዤሻለሁ። «ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል» ማለትሽን ሰምቻለሁ። አይደርስም። ከሠርጉ በኋላ ቅልቅል አለ፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰበብ ይመጣል።

አምስት ወር ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም። መሥሪያ ቤት ሰዓት ቀንሰውብኝ ነበር፣ ባዶ እጄን መደወል ከበደኝ። (ሙሽሪት፣ ይህችን አታንብቢላት። «ሥራ በዝቶበት ነው» በያት።) ግን «ረሳኝ» ብለሽ ለጎረቤት መናገርሽን ስሰማ አዝኛለሁ። እንዴት ብዬ እረሳሻለሁ?

ስለ ዓይን ሞራ ማን ነገረህ ትዪ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። እሑድ እሑድ በመኪና አምጥቼ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ሞራ ሲገፈፉ ልጃቸው ሌላ ስቴት ስለነበረ እኔ ወሰድኳቸው። ጠዋት ገብተው ለምሳ ቤታቸው ነበሩ። ዓይኑን ያደነዝዙና የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ትንሽ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባሉ። ይኸው ነው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «ለካ እንዲህ ልጅ ነህ!» አሉኝ።

ጠብታው በቀን 4 ጊዜ ነበር። ከሥራ በፊትና ማታ እኔ እጨምርላቸው ነበር። አንድ ማታ አንገታቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አድርገው ሲጠብቁኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያንቺን ዓይን ማን ያያል ብዬ። እሳቸው ምንም አልጠየቁኝም። ተነስተው ሻይ አፈሉልኝ።

ስለዚህ ስሚኝ። ከተገፈፍሽ በኋላ ጭስ አጠገብ አትቀመጪ። ዓይንሽን አትሺው። ከባድ ነገር አታንሺ። ውኃ አይንካው፣ ጸበሉም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ስግደቱን እንደማትተዪው አውቃለሁ፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው። የታመመ ሰው አይሰግድም፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ትፈቅዳለች። ጠላውንና ወጡን የእድር ሴቶች ይያዙት። አንቺ ለስንቱ ሠርግ ስትሠሪ ኖረሻል፣ ይህን አንዱን ደግሞ ተቀምጠሽ እዪው።

«ልጄ ብቻውን ነው» እያልሽ ታለቅሻለሽ አሉ። መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። አምና የሥላሴ ሰሞን እሑድ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ያ ብርድ፣ ያንቺ ነጭ ጋቢ፣ ሁሉም መጣብኝ። ነጠላ እንኳ ሳልይዝ ሄድኩና ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆሜ አስቀደስኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሹልክ ልል ስል አንድ ሽማግሌ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ጸበል ጸዲቅ ሳትቀምስ የት ነው?» ታች አዳራሽ አወረዱኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ ስል አንዲት ሴት ያልጨረስኩት እንጀራ ላይ ሌላ ጨመረችልኝ። መብላት አቃተኝ እማዬ። እንዳያዩኝ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁና ድስት ማጠብ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም ተው አላለኝም። አንዱ ሽርጥ አቀበለኝ።

ከዚያ ወዲህ የኩሽናው ሰው ሆኛለሁ። ቅዳሜ ማታ በረዶ ከጣለ እናቶች እንዳይንሸራተቱ ደረጃውን በአካፋ ጠርገን ጨው እንበትናለን። እሑድ በር ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለውም እኔ ነኝ። አዲስ የመጣውን ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ብቻ አውቀዋለሁ። ቶሎ የሚያጠልቀው ቦታ መርጦ ነው የሚያስቀምጠው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ስለዚህ አልለቀውም፣ ክንዱን ይዤ ወደ አዳራሹ አወርደዋለሁ።

ሙሽሪት፣ አሁን ደግሞ ላንቺ ነው። አልመጣም። ወረቀቴ ገና ነው፤ ጉዳዩ ሳያልቅ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። አባታችን የለም፣ ከጎንሽ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይህን እያሰብኩ ስንት ሌሊት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ይቅር በይኝ። የአንቺንና የእሱን ክርስትና ስም ላኪልኝ፣ በዚያ ቀን በጸሎት እንዲታሰብ ለካህኑ እሰጣለሁ። እትዬም ነጭ ነጠላ አዘጋጅተውልሻል፤ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ይደርስሻል።

ሠርጉ ጥር 18 እሑድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስትወጡ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። እትዬን ላመጣ መኪና የማሞቅበት ሰዓት ነው። በቪዲዮ ደውሉልኝ። እማዬ፣ ባለፈው ስንደዋወል «ጥላህን ብቻ ነው የማየው» ብለሽኝ ነበር። እኔ የመኪናውን መብራት አበራለሁ። ሙሽሪት፣ ስልኩን መጀመሪያ ለእሷ ስጫት።

የምወድሽ ልጅሽ