የሜዳይ ክበባችን ዘንድሮ ምን ሰራ?

መጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ ስሰማው የከረምኩትን ላንሳ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሊማሩ የሚመጡ ልጆች ከጀርመን ጦር ሜዳይ ጋር ምን አገናኛቸው?» እሺ፣ ልጆቹ እዚሁ ፍራንክፈርት ነው የሚያድጉት፣ ሪፖርቱን ደግሞ የሚጽፉት በአማርኛ ነው፣ ዝገት፣ ብየዳ፣ ጠርዝ የሚሉትን ቃላት የትኛው መማሪያ መጽሐፋችን ላይ ነው የሚያገኟቸው? ስዋስቲካ (የናዚ ምልክት) ያለበት ዕቃ ክበባችን ገብቶ አያውቅም፣ የሚከለክል ህጉም አለ፣ እኔም አልፈልገውም። እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ ብለን የምናየው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ሜዳይ ብቻ ነው።

በየሳምንቱ ተገናኝተናል፣ 11 ልጅ ተመዝግቦ 9 ጨርሷል፣ እሱን እዚሁ ልተወው።

ብዙውን ጊዜ የያዝነው የ1914ቱን (በፈረንጆች) የብረት መስቀል የሚባለውን ሜዳይ፣ ሁለተኛ ደረጃውን ነው። መጀመሪያ ያቋቋመው የፕሩሺያው (የድሮ የጀርመን መንግስት) ንጉስ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሳልሳዊ ነው በ1813፣ በአንደኛው ጦርነት ግን ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ስለታደለ እውነተኛው ራሱ ሞልቷል፣ ፎርጅዱም እንደዛው። እውነተኛው ሶስት ቁራጭ ነው፣ መሃሉ ጥቁር የተቀባ ብረት ሆኖ ከፊትና ከኋላ የብር ጠርዝ ይመጣበትና ሁለቱ ጠርዞች ጎን ላይ ይበየዳሉ። ማንጠልጠያ ቀለበቱ ላይ የሰሪው ምልክት ካለ በአጉሊ መነጽር እናያለን። ሪባኑን ዩቪ ላይት እናበራበታለን፣ የዘመኑ ሰው ሰራሽ ክር ቦግ ይላል። አንዴ አንዱ ሪባን ቦግ ሲል ልጆቹ «ፎርጅድ!» ብለው ጮሁ፣ ለካ ሪባኑ የድሮ ነው፣ የሆነ ሰው በኦሞ አጥቦት ኖሯል (የልብስ ሳሙናም ያበራል)።

ግንቦት ላይ ትምህርት በሌለበት ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወሰድኳቸው። አንድ ሽማግሌ መስቀል አስቀምጠው 70 ዩሮ አሉን፣ ማግኔታችንን ስናስጠጋው ጥብቅ አለ፣ ሁሉም «እውነተኛ ነው፣ ይገዛ!» አሉ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ከማለት ውጪ ድምጹን የማንሰማው ልጃችን ግን ሜዳዩን ተቀበለና ጥቁሩና ብሩ የሚገናኙበት ላይ ጥፍሩን ቀስ አድርጎ ሳበው። «ቲቸር፣ ጥፍሬን አይዝም። አያቴ ብር ሰሪ ናቸው፣ ተገጣጥሞ የተበየደ ነገር ጥፍር ይይዛል፣ ይሄ አንድ ላይ የፈሰሰ ነው።» በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ መስቀሉ ላይ የተቀረጸው ዘውድ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ደቃቅ ጥርሶችም የሟሟ ሳሙና መስለዋል፣ «ብሩ» ቀለም ነው። ማግኔቱ የያዘው ሙሉው ብረት ስለሆነ ነው! ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እሳቸውም አዩት፣ ምንም ሳይሉ ከጠረጴዛው አነሱት። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ያ ዝምተኛ ልጅ ስለ አያቱ ወናፍና መዶሻ ማውራት ጀምሮ እስክንወርድ አላቆመም። ሌሎቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ሲሰሙት እኔ በመስኮት ወደ ውጪ ማየት ነበረብኝ።

ያልተሳካም አለ። አንዷ ልጅ ላስደስታችሁ ብላ እውነተኛውን መስቀላችንን ኮምጣጤ ውስጥ አሳድራው ጥቁሩ ቀለም ተላጠ፣ ሜዳይ አይወለወልም ብዬ ቀድሜ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በኢንተርኔት የገዛሁት አንዱም ፎርጅድ ሆነ፣ ከራሴ ኪስ ነበር።

ለ9 ልጅ ያለን አጉሊ መነጽር አንድ ነው፣ ተራ ሲጠብቁ ሰዓቱ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ክፍላችን ለስብሰባ ተፈልጎ ኮሪደር ላይ ተምረናል፣ ኮሪደሩ ደግሞ ጨለማ ነው። የኳስ ክበቡ ዘንድሮ ሁለተኛ ማልያ ተገዛለት፣ ደስ ብሎናል፣ ያምርባቸዋል። እኛ የጠየቅነው ሶስት አጉሊ መነጽር፣ አንድ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)ና ግራም የሚለካ ሚዛን ነው። ማመልከቻው ከጥቅምት ጀምሮ ቢሮ አለ፣ ሰማያዊው ፋይል ውስጥ።