ሬሳ ከሌለ ምስጢር የለም ያለው ማነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደብዳቤዎች ዓምዳችሁ ስለ ሮቢን ስሎን ልብወለድ የሚካሄደውን ክርክር አንድም ሳያመልጠኝ ተከታትያለሁ። «የሚስተር ፔኑምብራ የ24 ሰዓት መጻሕፍት መደብር» የተባለውን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን ማለቴ ነው። ግማሹ ደብዳቤ ጸሐፊ በሱቁ ፍቅር ወድቋል። ሌላው ግማሽ ግን ተሸወድን ባይ ነው። ምስጢር ተብሎ ተሰጠን፣ ስናነበው ሬሳ የለ፣ ገዳይ የለ፣ መርማሪ ፖሊስ የለ፣ ታዲያ ምኑን ነው የመረመርነው ነው ቅሬታው። እኔ ይሄ ነገር አልዋጥ ብሎኛል፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ቅሬታው አዲስ አይደለም። ቫን ዳይን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ በ1928 ለመርማሪ ልብወለድ ሃያ ሕግ አውጥቶ ነበር። አንዱ ሕግ በቀጥታ ሬሳ የግድ ነው ይላል፣ ያውም በደንብ የሞተ ሬሳ ቢሆን ይመረጣል ብሎ ይቀልዳል። ስለዚህ ቅር ያላችሁ ሰዎች አጋር አላችሁ። ችግሩ፣ የዘርፉ አባት የሚባለው ኤድጋር አለን ፖ ራሱ ይህን ሕግ ቀድሞ አፍርሶታል። በ1841 የመጀመሪያውን የመርማሪ ታሪክ ሲያወጣ እርግጥ ሬሳ ነበረበት፣ ያውም ሁለት። በ1844 ባወጣው ግን የጠፋው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ማንም አይሞትም። ፖሊሶቹ የቤቱን ወንበር እግር ሳይቀር ይበረብራሉ፣ ደብዳቤው ግን ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ያንን ታሪክ ምስጢር አይደለም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የስሎንም መጽሐፍ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ተራኪው ክሌይ ሥራ የፈታ የድረ ገጽ ዲዛይነር ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሥራ ሲያፈላልግ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ የሚፈልግ አንድ መጻሕፍት መደብር ያገኛል። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ቁመቱ ግን ጉድ ነው፣ መጽሐፍ ለማውረድ መሰላል ላይ መንጠልጠል ይጠይቃል። ከፊት ያሉት እንደማንኛውም ሱቅ የሚሸጡ መጻሕፍት ናቸው። ከኋላ ያሉትን የሚገዛ የለም። በውድቅት ሌሊት ብቅ የሚሉ ጥቂት ሰዎች ይዋሷቸዋል፣ ይመልሳሉ፣ ደግሞ ሌላ ይዋሳሉ። ለክሌይ የተሰጠው ትእዛዝ ሦስት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ንቅንቅ እንዳይል። የኋለኞቹን መጻሕፍት ገልጦ እንዳያይ። ሦስተኛው፣ ማን መጥቶ ምን እንደወሰደ፣ ምን እንደለበሰ፣ ሁኔታው ምን እንደሚመስል ሳይቀር መዝገብ ላይ በዝርዝር እንዲጽፍ።

ወገኖቼ፣ ይሄ ፍንጭ ካልሆነ ታዲያ ፍንጭ ምንድነው? አንድ ሱቅ የደንበኛውን ኮት በመዝገብ የሚያስመዘግበው ለምንድነው? ደራሲው ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ያውም ተራኪውን በገዛ እጁ እያስጻፈው፣ እኛ ግን መሰላሉንና የሱቁን ድባብ እያደነቅን አለፍነው። በጣም ይገርማል፣ ሱቁን የወደዱትም ሆኑ ሱቁ ጌጥ ብቻ ነው ያሉት ጸሐፊዎች እኩል የሳቱት ይህንን ነው። መደርደሪያው፣ የመጻሕፍቱ አቀማመጥ፣ የተዋሾቹ ቅደም ተከተል፣ ሁሉም የእንቆቅልሹ አካል ነው። ታሪኩን አውጥታችሁ ሆቴል ውስጥ ብታስቀምጡት አይቆምም። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ያላነበበ ሰው አለ።

እግረ መንገዴን፣ ባለፈው የመጨረሻውን መልስ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገራቸው ላይ ዘርግፈው የሰጡን ጸሐፊ ምን አጣደፋቸው? እናንተም ብትሆኑ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስታትሙ «መጨረሻውን ይናገራል» የምትል አንዲት መስመር ከላይ ጣል ብታደርጉ ምን ይጎድልባችኋል?

ሌላም የሚታረም ነገር አለ። አንድ አንባቢ በልብወለዱ ውስጥ ገሪትስዞን የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ኮምፒውተራቸው ላይ ፈልገው እንዳጡት ጽፈዋል። አይገኝም፣ ደራሲው የፈጠረው ነው። በልብወለዱ ስሙ የሚነሳው አልዱስ ማኑቲየስ ግን በእውን የነበረ ሰው ነው። ቬኒስ ውስጥ ማተሚያ ቤት ነበረው፣ በ1515 ሞተ። ዛሬ ጽሑፍ ስናዘነብል የምንጠቀምበት ዘንበል ያለው የላቲን ፊደል በ1501 የቨርጂልን ሥራ ያሳተመበት ነው፣ የቀረጸለትም ፍራንቸስኮ ግሪፎ የተባለ ባለሙያ። የልብወለዱን ግሪፎ ልታገኙት ከፈለጋችሁ ፊደሉ በስሙ የተጠራለትን ገሪትስዞን የተባለውን ገጸ ባሕርይ እዩ፣ ደራሲው የግሪፎን ቦታ ነው የሰጠው። እውነቱንና ፈጠራውን እንዲህ አጠጋግቶ መስፋት ቀላል ሥራ አይደለም። (ሽፋኑ በጨለማ ያበራል ያሉት አንባቢም አልተሳሳቱም፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ እትም ያበራል።)

ይህን ስል መጽሐፉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እንከኑ ግን ሬሳ ማጣቱ አይደለም። ክሌይ አለመቸገሩ ነው። ኮምፒውተር ሲያስፈልገው ጎግል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ሱቁ ድረስ ትመጣለታለች። ገንዘብ ሲያስፈልገው ሀብታም የልጅነት ጓደኛ አለው። የእጅ ባለሙያ ሲያስፈልገው አብሮት የሚኖረው ልጅ ባለሙያ ሆኖ ይገኛል። በሩ ሁሉ ሳይንኳኳ ይከፈታል። ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ በ1929 ባወጣቸው አሥር ሕጎች መርማሪውን ድንገተኛ አጋጣሚ ሊረዳው አይገባም ይላል፣ እኔም በዚህ ከኖክስ ጋር ነኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ክሌይ ብቻውን ከመዝገቡ ጋር ሲፋጠጥ ልብ ይሰቅላል። የሌሊት ተዋሾቹ ምስጢራዊ ማኅበር ከመጣ በኋላ ግን ጓደኞቹ ይሠሩለታል፣ እሱ ይተርካል። የፍቅሩን ነገርማ ተዉት፣ የጎግሏ ልጅ ከሥራዋ ውጪ ምን እንደምትወድ እንኳ በቅጡ አልተነገረንም።

ለማንኛውም፣ መልሱን ገና ከመጽሐፉ ግማሽ ሳልደርስ አውቄው ነበር ያሉትን ጸሐፊ አንድ ነገር ልጠይቃቸው። በየትኛው ፍንጭ ነው የደረሱበት? ከመዝገቡ ከሆነ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ገመትኩ ከሆነ ግን ግምት አይቆጠርም፣ ኖክስም አይቆጥረውም። በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን፣ ከላይ ማስጠንቀቂያዋን ሳይረሱ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ