የሌለ መጽሐፍ ከየት ላምጣ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ላይብረሪያን ነኝ ስል ሰው ሁሉ «ታድለህ፣ ስታነብ ትውላለህ!» ይለኛል። ምነው በሆነልኝ! ቀኔ የሚያልቀው መደርደሪያ ሳስተካክል ነው። መጻሕፍትን በየትምህርት ዘርፋቸው በቁጥር በሚደለድለው የዲዊ አመዳደብ ሕክምና 610 ላይ ነው። አንዱ የሕክምና መጽሐፍ ተሳስቶ 160 ጋ፣ ሎጂክ መሀል ከተሰካ፣ በቃ ጠፋ በሉት፤ ካታሎጉ ግን «አለ» እያለ ይዋሻል።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። አንዲት ተማሪ የአምስት መጻሕፍት ዝርዝር ይዛ መጣች። ሁለቱን አገኘሁላት። ሦስቱን ግን በርዕስ ብል፣ በጸሐፊ ብል፣ በሌሎች ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ብፈልግ የሉም። ለካ ዝርዝሩን ያወጣላት የስልኳ ቻትቦት ነው፤ ሦስቱን ከራሱ ፈጥሯቸዋል! አልተቆጣኋትም። አጠገቤ አስቀምጬ እንዴት እንደሚጣራ አሳየኋት፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም። በማግስቱ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች።

መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለእኛ የምትሰጡን ዓመቱ ሲጀመር አንዲት ሰዓት ናት፣ እሷም በጉብኝት ታልቃለች። ያኔ ማንም አይሰማንም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልሰማም። ተማሪዎቹን የጥናት ጽሑፍ ባዘዛችሁበት ሳምንት ላኩልን እንጂ።

አንድ ላይብረሪያን